ባቡር የሠራቸው፣ ባቡር የተዋቸው፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከጎንደርና ከአካባቢዋ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ባቡር ናቸው። ሀዲድ ባልገባበት አገር ይህን ያህል የባቡር ጥያቄ መምጣቱ አላስገረመንም፤ ሰው አጥብቆ የሚጠይቀው ያላገኘውን ነው። በመልሶቹ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሽማግሌዎች «ጣልያን ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ባቡሩ ጎንደር ይገባ ነበር» ይላሉ። ለመሆኑ ጎንደር አጠገብ የደረሰ ሀዲድ ነበር? — ነጋዴ፣ ከአራዳ

መልስ፦ ጎንደር ከተማ የገባ ሀዲድ የለም። በሁለት አቅጣጫ ግን ሀዲድ ወደዚህ ቀርቦ ቆሟል።

አንደኛው የምጽዋው ነው። ከምጽዋ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1911 አስመራ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1922 ከረን፣ እ.ኤ.አ. በ1928 አቆርዳት ደረሰ። ከዚያም 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ቢሻ በምትባል ቦታ ላይ ቆመ። ወደ ተሰነይ እንዲቀጥል ታስቦ ነበር፤ አልቀጠለም። ከአቆርዳት ወዲያ ያለው ቁራጭ በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን ተነቀለ። ሁለተኛው የሱዳኑ ነው። ከከሰላ የመጣው መስመር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ገዳሪፍ ደርሶ ወደ ሰናር ቀጠለ። በመተማ በኩል ለሚነግድ ጎንደሬ የቅርቡ ባቡር ጣቢያ ገዳሪፍ ነበር፤ ከዚያ መተማን ትይዩ እስካለችው የሱዳን ከተማ ገላባት ያለው መንገድ ግን የግመልና የመኪና ነው።

«ትንሽ ቢቆይ ኖሮ» የሚለውን ግን በቁጥር እንፈትነው። ከሰሜን ወደ ጎንደር ሲመጣ ከዛሪማ ቆላ በሊማሊሞ ዳገት ደባርቅ ለመውጣት ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍታ መወጣት ያስፈልጋል። የጭነት መኪና በ100 ሜትር 7 ሜትር እየወጣ ቢሄድ 20 ኪሎ ሜትር ጥምዝምዝ መንገድ ይበቃዋል። ባቡር ግን ብረት ጎማው በብረት ላይ ስለሚንሸራተት እንዲህ ቀጥ ያለ ዳገት አይችልም። ዛሬ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር ትልቁ ዳገቱ በ1,000 ሜትር 18.5 ሜትር ነው። በዚያ ልክ ሊማሊሞን ለመውጣት 76 ኪሎ ሜትር ሀዲድ ይጠይቃል፤ ያውም ያለ ቁልቁለትና ያለ ዕረፍት ወደ ላይ ብቻ ቢሄድ። የምጽዋ–አስመራ መስመር በ1,000 ሜትር 35 ሜትር ድረስ ይወጣል። በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ የሚደርሰውም በዚህ ነው፤ ዋጋው ግን የዋሻ ብዛት፣ ጠባብ ኩርባና ጥቂት ፉርጎ ብቻ የሚጎትት ባቡር ሆነ። ጣልያን በሊማሊሞ ላይ የመኪና መንገድ መቁረጡ ከዚህ ስሌት ጋር ይስማማል። አምስት ዓመት ቢጨመርለትም ዳገቱ አይቀንስለትም ነበር።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ወደ አዋሽ በድሮው ሀዲድ አጠገብ ሳልፍ ጣሪያቸው የተነቀለ የጣቢያ ቤቶች፣ ባዶ የውሃ ጋኖች፣ ሣር የበላው ሀዲድ አየሁ። በአንድ ወቅት ከተማ ነበሩ አሉኝ። መንገድ ሲበላሽ ከተማ ይዳከማል፤ ባቡር ሲቆም ግን ከተማው ለምን ጨርሶ ይሞታል? — መምህር፣ ከማራኪ

መልስ፦ የጣቢያ ከተማ የሚኖረው በሀዲዱ ሳይሆን በባቡሩ መቆም ነው። ባቡር በበሩ እያለፈ የሞተ ከተማ ሞልቷል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ባቡሩ እዚህ ለምን ይቆም ነበር?» ተብሎ ነው። ምክንያቱ ከታወቀ ከተማው መቼ እንደሞተ ከሞላ ጎደል ይታወቃል።

መጀመሪያ የመስመሩን ታሪክ ባጭሩ። አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። በታኅሣሥ 1895 ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ቦታ ደረሰ፤ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሐረር ተራራ ላይ ስላለች ሀዲዱ ወደ እሷ አልወጣም፤ በግርጌዋ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፣ የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፣ በ1900 ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተተካ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር።

አሁን ወደ መቆሚያዎቹ። የመጀመሪያው ምክንያት ውሃ ነው። መካከለኛ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ እንደ ጭነቱና እንደ ዳገቱ በኪሎ ሜትር ከ50 እስከ 100 ሊትር ውሃ ይጠጣል። 5,000 ሊትር የሚይዝ ጋን ያለው ሎኮሞቲቭ በከፋ ዳገት 50 ኪሎ ሜትር ሄዶ ይደርቃል። ውሃው ካለቀ ደግሞ መቆም ብቻ አይደለም፤ የማሞቂያው ጣሪያ ውሃ ሳይሸፍነው እሳት ካገኘው ይቀልጣል ወይም ይፈነዳል። ስለዚህ ማንም ሹፌር ጋኑን እስከ ታች አያደርቅም፤ በየ30 እና 40 ኪሎ ሜትሩ የሚሞላበት ቦታ ይፈልጋል። ያ ቦታ ጉድጓድ፣ ፓምፕ፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ጋን፣ የፓምፕ ሠራተኛና ጥበቃ ይጠይቃል። በረሃ ውስጥ ይህ ማለት መንደር ነው፤ ለሎኮሞቲቩ የተቆፈረው ጉድጓድ ለሰውም ለከብትም ይተርፋል። ቆላው ውሃ ጨውና ኖራ ስለሚበዛበት የማሞቂያው ቱቦ ቶሎ ይደፈናል፤ ቱቦ የሚፍቅና የሚጠግን ሠራተኛም በተወሰኑ ጣቢያዎች ይኖራል ማለት ነው።

ሁለተኛው ሌሊት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ በጨለማ አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ተሳፋሪው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ ያድራል። የአዋሽ የባቡር ሆቴል ከዚህ አዳር የተወለደ ነው።

ሦስተኛው መተላለፊያ ነው። መስመሩ ነጠላ ስለሆነ ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉት የጎን ሀዲድ ባለበት ጣቢያ ብቻ ነው። አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፤ ጥበቃው ግማሽ ሰዓትም ሦስት ሰዓትም ሊሆን ይችላል። ሻይ፣ ወተት፣ ብርቱካን፣ ጫት የሚሸጠው በዚህ ጥበቃ ነው። የባቡር መዘግየት ለተሳፋሪው ምሬት ለጣቢያው ገበያ ግን ገቢ ነበር፤ ይህን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ጉምሩክ፣ የሠራተኛ ቅብብልና የጥገና ጓድ ደግሞ የቀሩት ምክንያቶች ናቸው።

ሞቱም በዚሁ ቅደም ተከተል መጣ። በ1940ዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሲገባ የውሃ ጣቢያዎቹ ሥራ ፈቱ። ናፍጣ ሎኮሞቲቭ አንዴ ጋኑን ሞልቶ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ፓምፕ ጠባቂው ደመወዝ የሚከፈልበት ምክንያት ጠፋ። እነዚህ ከተሞች ባቡሩ በጤናው እየሠራ እያለ ነው የሞቱት፤ ብዙ ሰው የደርግ ዘመን ወይም የጦርነት ሥራ ይመስለዋል። ቀጥሎ የሌሊት ጉዞ አዳሩን ወሰደ። ከዚያ መንገድ መጣ፦ ከአዋሽ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ዋናው የመኪና መንገድ ሀዲዱን አልተከተለም፤ ወደ ደጋው ወጥቶ በአሰበ ተፈሪ፣ በሂርና፣ በቁልቢ ዞረ። የአሰብ ወደብ የጭነት መንገድም ከአዋሽ ወደ ሚሌ ገነጠለ። ከ1990 በኋላ የኢትዮጵያ ዕቃ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ሲዞር የባቡሩ ትንሣኤ ነው ተብሎ ነበር፤ ጭነቱ ግን በመኪና በሚሌና በገላፊ አለፈ። በሁለቱም ጊዜ በአዋሽና በድሬዳዋ መካከል ያለው ቆላ በጎን ቀረ።

በ1969ና በ1970 የሶማሊያ ጦር ድልድዮችን ሰብሮ መስመሩን ዘጋው። በጥር 1977 አዋሽ አጠገብ ባቡር ከኩርባ ድልድይ ላይ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አለቀ፤ ባቡሩ ኩርባው ላይ ፍጥነቱን አልቀነሰም ነበር። አዲስ አበባ–ድሬዳዋ ያለው ክፍል በ2000 አካባቢ ቆመ። ያን ጊዜ የቀሩት ጣቢያዎች በአብዛኛው የሚኖሩት በመተላለፊያና በተሳፋሪ ገበያ ብቻ ስለነበር የሚይዛቸው ሌላ ነገር አልነበረም።

የተረፉትን ብትመለከቱ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። አዋሽ የሚሌ መንገድ መገንጠያ ሆና ተረፈች። መተሐራ ስኳር ፋብሪካ አላት። ኤረር ፍል ውሃና የፍራፍሬ እርሻ አላት። ሁርሶ ወታደር ማሰልጠኛ፣ አፍደም የወረዳ መቀመጫ ሆኑ። ናዝሬትና ሞጆማ ሀዲዱን ከናካቴው ረሱት። የሞተው ከባቡር ሌላ አንድም ሥራ ያልነበረው ነው።

ጥያቄ፦ የታሪክ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በአንድ የባቡር ጣቢያ ከተማ ላይ ልሠራ አስቤ አማካሪዬ «ሰነድ የለውም» ብለው ተውኩት። እውነት ሰነድ የለውም? — ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ

መልስ፦ አለው፤ ግን በከተማው ስም አይገኝም። የባቡር ኩባንያ ከተማን አይመዘግብም፤ የሚመዘግበው ኪሎ ሜትር ነው። በድሮው መስመር ላይ ርቀት የሚቆጠረው ከጅቡቲ ጀምሮ ነው፤ ድሬዳዋ 310 አካባቢ፣ አዲስ አበባ 784። ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈልጉትን ጣቢያ ኪሎ ሜትር እወቁ፤ በካርታ ላይ ሀዲዱን ተከትሎ ከድሬዳዋ መለካት ይበቃል። ከዚያ በሰነዶቹ ውስጥ ቁጥሩን ከሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ግራና ቀኝ ጋር ፈልጉ። የድልድይ ጥገና፣ የፓምፕ ግዢ፣ የአደጋ ሪፖርት፣ የሠራተኛ ዝውውር ሁሉ በዚያ ቁጥር ሥር ነው። የከተማ ስም ብቻ የያዘ ተማሪ ባዶ እጁን የሚመለሰው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ የጣቢያ ስም በፈረንሳይኛ ሲጻፍ አንዱ ጸሐፊ ከሌላው ይለያል፤ ቢያንስ ሦስት አጻጻፍ አስቡ።

የት ይሄዳል? ድሬዳዋ ከድሮው ጣቢያና ጥገና ክፍል ይጀመራል፤ በአስጎብኚ የሚታዩት ማሽኖችና ፉርጎዎች ራሳቸው ሰነድ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ የፋብሪካና የዓመት ሰሌዳ አለ። አዲስ አበባ ወመዘክርና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቀጣዮቹ ናቸው። ፈረንሳይኛ የሚያነብ ካለ የፈረንሳይ የዲፕሎማሲ ቤተ መዛግብት ናንት፣ የቅኝ ግዛቶች ቤተ መዛግብት ደግሞ ኤክስ አን ፕሮቫንስ ይገኛል፤ ጅቡቲን የሚመለከተው በኋለኛው ነው። ለአንዳቸውም ያለ ትብብር ደብዳቤ አትሂዱ። ደብዳቤው «ለሚመለከተው ሁሉ» ከሚል ይልቅ ለእያንዳንዱ ተቋም በስሙ ቢጻፍ፣ የፈለጋችሁት የጊዜ ክልልም ቢጠቀስ በር ላይ የሚባክነው ቀን ይቀንሳል።

ዓመትን በተመለከተ አንድ ስህተት ደጋግመን እናያለን። የኩባንያው ወረቀት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ይቀነሳል። ሁልጊዜ ስምንት እየቀነሰ የሚጽፍ ተማሪ በኅዳር የሆነን ነገር አንድ ዓመት ወደ ኋላ ይጥለዋል። ሰዓትም እንዲሁ፦ በጊዜ ሰሌዳው 6 የሚል ባቡር የሚነሣው በእኛ 12 ሰዓት ነው፤ ሽማግሌ የነገረህን ሰዓት ከሰሌዳው ጋር ስታስተያይ ይህን አስብ።

ቃለ መጠይቅ ላይ «ከተማው ድሮ እንዴት ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ «ጥሩ ነበር፣ ሁሉ ርካሽ ነበር» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። ሰውን የሚያስታውሰው ዝርዝር ነው፦ ባቡሩ ስንት ሰዓት ይደርስ ነበር? ስንት ደቂቃ ይቆማል? ምን ትሸጡ ነበር፤ በስንት? ውሃ ከየት ይቀዳ ነበር፤ ፓምፑ ሲቆምስ ከየት? ጡረታ የወጣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ብቻ አትፈልግ፤ ሻይ የሸጠችው እናት ስለ ባቡሩ መዘግየት ከጣቢያ ኃላፊው ይበልጥ ታውቃለች። በዚያ መስመር ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ስለሚነገር አስተርጓሚ በጀት ውስጥ ይግባ።

ቦታውን ሳትሄዱ ለማየት የጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት የሚያዘጋጀው የ1፡50,000 ካርታ ይጠቅማል። ጉግል ኧርዝ ላይ ያለው የዓመት ማንሸራተቻም የጣሪያ ብዛት በየዓመቱ ሲቀንስ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ የስለላ ሳተላይት ያነሳቸው፣ ኮሮና የሚባሉት ምስሎችም ይፋ ሆነዋል፤ ከአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ይጠየቃሉ። ጠዋት ወይም ማታ የተነሣ ምስል ምረጡ፤ ጥላ ረጅም ስለሚሆን ሀዲድ የተነቀለበት የአፈር ግንብ እንኳ ተለይቶ ይወጣል።

ለመሄድ ከመነሣት በፊት የአካባቢውን ጸጥታ ከወረዳው አጣሩ፤ የጽሑፍ ፈቃድም ያዙ። በድንበር አካባቢ ጣቢያና ድልድይ ፎቶ ማንሳት ያለ ፈቃድ ችግር ያመጣል።

ጥያቄ፦ ግቢዬ ውስጥ ለበረት ምሶሶ የተተከለ የሀዲድ ብረት አለ። ጎኑ ላይ ፊደል አለበት። አባቴ «ጣልያን ያመጣው ነው» ይል ነበር። ሀዲድ በዚህ አልፎ ከሆነ ማወቅ ይቻላል? — ከገንዳ ውሃ

መልስ፦ የሀዲድ ብረት መኖሩ ብቻ ሀዲድ ማለፉን አያሳይም። ብረቱ ረጅም መንገድ ይጓዛል፦ ለድልድይ ተሸካሚ፣ ለመሸጎጫ ጣሪያ፣ ለስልክ እንጨት ምትክ ተጭኖ ይመጣል። የኤርትራው ሀዲድ ብዙው በጦርነቱ ለምሽግ ተነቅሎ ነው ያለቀው። ግን የትኛው ዓይነት እንደሆነ በአንድ ቀን መለየት ይቻላል።

ምሶሶው ተተክሎ ስለሆነ የተቆረጠው ጫፍ ወደ ላይ ይታያል። ከሰፊው እግሩ እስከ ራሱ አናት ያለውን ከፍታ በሚሊ ሜትር ለኩ። 65 ወይም 70 ከሆነ በሜትር ከ7 እስከ 10 ኪሎ የሚመዝን ቀላል ሀዲድ ነው፤ ይህ በድንጋይ ካባና በመንገድ ሥራ ላይ በእጅ ለሚገፋ ጋሪ የሚዘረጋው፣ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዓይነት ነው። 100 አካባቢ ከሆነ በሜትር 20 ኪሎ የሚመዝን ሲሆን የድሮ ጠባብ መስመር ነው። 152 ካሳየ 50 ኪሎ ነው፤ ዘመናዊ። የተነቀለ ቁራጭ ካላችሁ ደግሞ ርዝመቱን ለክቶ በሚዛን መዝኖ ማካፈል ነው፤ ዝገት የበላው ከትክክለኛው ክብደት ከአምስት እስከ አሥር በመቶ ይጎድላል።

ቀጥሎ ፊደሉ። የሽቦ ብሩሽ በነጭ ጋዝ ነክራችሁ ዝገቱን በቀስታ አንሱ። ሲደርቅ ጠመኔ በጎኑ ጋድም አድርጋችሁ እሹበት፤ የወጣው ፊደል ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታው ፎቶ አንሱ። እኩለ ቀን ላይ የተነሣ ፎቶ ምንም አያሳይም። በጽሑፉ ውስጥ የፋብሪካው ስም፣ የክብደቱ ቁጥር፣ ዓመትና ወር ይኖራል፤ ወሩ አንዳንዴ በሮማ ቁጥር አንዳንዴ በጭረት ብዛት ነው። ጽሑፉ በየተወሰነ ሜትር ስለሚደጋገም አጭር ቁራጭ ላይ ግማሹ ብቻ ሊገኝ ይችላል፤ በሰፈሩ ሌላ ምሶሶ ካለ ቀሪው እዚያ ይሆናል። ዓመቱ የተሠራበት እንጂ የተዘረጋበት አይደለም፤ አሮጌ ሀዲድ እየተነቀለ ሌላ መስመር ላይ መዋሉ የተለመደ ነው።

ግራይንደር አታስነኩት፤ አሲድም አታፍሱበት። ለበር መሥሪያ በተራ ኤሌክትሮድ ልበይደው የሚል ካለም ይቅር። የሀዲድ ብረት ካርቦኑ ከፍተኛ ስለሆነ ሳይሞቅ ከተበየደ ሲቀዘቅዝ ከብየዳው ጎን ይሰነጠቃል፤ መስፍ ለሚፈልግ አንጥረኛ ግን ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ሀዲድ በእርግጥ አልፎ ከሆነ መሬቱ ይመሰክራል። ብረት ይሰረቃል፣ እንጨት ይነዳል፤ የድንጋይ ቦይና ቱቦ ግን ማንም አይወስደውም። ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ሲዞርም በሰፊው የሚዞር የአፈር ግንብ ከሥሩ የድንጋይ ቦይ ካለው መንገድ ነው ወይስ ሀዲድ ብላችሁ ዳገቱን ለኩ። በ100 ሜትር ከ4 ሜትር በላይ ከወጣ የመኪና መንገድ ነው። ሁለት ሀዲዶች በቦታቸው ካገኛችሁ ስፋቱን ከአንዱ ራስ ውስጠኛ ጎን እስከ ሌላው ራስ ውስጠኛ ጎን ለኩ፦ 600 ሚሊ ሜትር የካባ፣ 950 የኤርትራ፣ 1,000 የድሮው የጅቡቲ፣ 1,067 የሱዳን፣ 1,435 አዲሱ የጅቡቲ። ከመሐል እስከ መሐል የሚለካ ሰው ወደ አምስት ሳንቲ ሜትር ይጨምርና የኤርትራውን የጅቡቲ ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘ ሳትነቅሉ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ፤ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ማሳወቅን ግዴታ ያደርጋል፣ ያለ ፈቃድ መቆፈርንም ይከለክላል።

ጥያቄ፦ በወረታ፣ በአዘዞ አድርጎ መተማ የሚገባ ባቡር ታቅዷል ሲባል ቆይቷል። አዘዞ ላይ ጣቢያ ይሆናል የሚባል ቦታ አጠገብ መሬት እንድገዛ ደላላ ይወተውተኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ? — ከአዘዞ

መልስ፦ ወረታ–አዘዞ–መተማ 244 ኪሎ ሜትር ሆኖ በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ውስጥ ተቀምጧል። ዕቅድ ግን ሀዲድ አይደለም።

ሲሆንም ጣቢያው ደላላው ባሳየዎት ቦታ መሆኑ አጠራጣሪ ነው። የአሁኑ ባቡር እንደ ድሮው ወደ ከተማ መሐል አይገባም። ረጅም የጭነት ባቡር የሚተላለፍበት ጣቢያ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ሜዳ ማለት ይቻላል የሆነ ቀጥተኛ መሬት፣ በሁለቱም በኩል ደግሞ ሰፊ ኩርባ ይፈልጋል። ከተማ ውስጥ ይህ አይገኝም። መስከረም 25 ቀን 2009 የተመረቀው የጅቡቲ መስመር የአዲስ አበባ ጣቢያው ለገሃር ላይ አይደለም፤ ለቡ ነው። ድሬዳዋም አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ውጭ ነው።

ደግሞም ምን ዓይነት ጣቢያ? የኤሌክትሪክ ባቡር ውሃ አይጠጣም፣ ነዳጅ አይሞላም፣ አዳር የለውም። ኮንቴይነር ጅቡቲ ይታሸጋል፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይከፈታል፤ በመሐል ማንም ሻይ አይገዛም። መተላለፊያ ብቻ የሆነ ጣቢያ አጠገብ ያለ ሱቅ የሚጠብቀው ደንበኛ የለም። ሕይወት የሚኖረው ዕቃ የሚወርድበት፣ ጉምሩክ ያለበት ወይም ተሳፋሪ የሚሳፈርበት ነው። ስለዚህ ደላላውን «ጣቢያ አለ?» ብለው አይጠይቁት፤ «ምን ይወርድበታል?» ይበሉት። በመተማ በኩል ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፤ የሱዳን ሀዲድ 1,067፣ የእኛ 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ መስመሮቹ ቢገናኙ እንኳ ዕቃው ከባቡር ባቡር መገልበጥ አለበት። ሥራ የሚፈጥረው ያ መገልበጫ ነው፤ የሚሆነውም በሜዳ ቆላ እንጂ በአዘዞ ዳገት ላይ አይመስለንም።

ሕጉን በሚመለከት፦ መሬት የሚሸጥ የሚለወጥ ንብረት አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ይከለክላል። በሰፈር ውል የገዙት የገበሬ ይዞታ መስመሩ ቢያርፍበት ካሣው ለሕጋዊ ባለይዞታው ነው፤ እርስዎ ወረቀትዎን ይዘው ከሻጩ ጋር ክርክር ይገባሉ። ገንዘቡን ዛሬ በሚሠራ ነገር ላይ ያውሉት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ባቡር የገባው በ1909 ነው ወይስ በ1917? ሁለቱንም አነባለሁ። — ከፒያሳ

መልስ፦ አንድ ዓመት ነው፤ 1909 በእኛ፣ 1917 በአውሮፓ። የለገሃሩ ሕንፃ ግን ከዚያ በኋላ በ1922 ዓ.ም. ነው የተመረቀው። በአንድ ፎቶ ላይ ያ ሕንፃ ተጠናቅቆ ከታየ ከ1922 በፊት የተነሣ አይደለም።

ጥያቄ፦ በእኛ አካባቢ የባቡር ጣቢያ ከተሞችን የመሰለ ዕጣ የደረሰው ቦታ አለ? — ከደንቢያ

መልስ፦ ጎርጎራን ተመልከቱ። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣልያን በጣና ላይ ወደብ ሠራበት። ዕቃ በመኪና ይወርዳል፣ በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ይሻገራል፤ ይህ ማውረድና መጫን ነው ጎርጎራን የያዘው። በሐይቁ ምሥራቅ በኩል ባሕር ዳርንና ጎንደርን የሚያገናኘው መንገድ ሲጠነክር ዕቃውን ማውረድ ቀረ። ጀልባው ቢቀጥልም ብዙ ነጋዴ አልነበረውም። አሁን በገበታ ለሀገር የተሠራው መዝናኛ ሌላ ዓይነት መቆሚያ ነው፤ እንግዳው አንድ ሌሊት ቢያድር ለሰፈሩ ይተርፋል፣ ደርሶ መልስ ከሆነ ግን የሚተርፈው የመኪና ማቆሚያው ኪራይ ነው።